ሙያ አገር ይሆናልን?

ስደት ሰውን ከቦታ ብቻ አይለይም። አገሩን የለቀቀ ሰው አስቀድሞ የሚያጣው ማሳውንና ቤቱን ይመስለን ይሆናል። ከማሳውና ከቤቱ ጋር ግን በዓይን የማይታይ ሌላ ነገርም ያጣል። ይኸውም «እገሌ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ይህን ሥራ ያውቃል» ብሎ የሚመሰክርለት ጎረቤት ነው። በአገሩ ጎበዝ አራሽ የነበረ፣ በደቦ ላይ አስተራረሱ የሚወደስለት ሰው፣ ሰው አገር ሲደርስ እጁ ያው እጅ፣ ጉልበቱም ያው ጉልበት ሆኖ ሳለ፣ የሚያውቀው ስለሌለ ብቻ ምንም እንደማያውቅ ይቆጠራል። በወጣቱ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ጎልማሳው ቢያንስ የሚያስታውሰው ሙያ አለው፤ ወጣቱ ግን ሙያ በሚለመድበት ዕድሜ የተነቀለ በመሆኑ፣ ያጣው የነበረውን ብቻ ሳይሆን ሊሆን ይችል የነበረውንም ጭምር ነው።

ስለዚህ ስደተኛውን ወጣት መርዳት የእህልና የድንኳን ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። በዘመናችን የተለመደው መልስ «ሙያ እናስተምረው፤ የራሱን ሥራ ፈጥሮ ይደር» የሚል ነው። መልሱ መልካም ነው። ሆኖም መልካም ነገር ሁሉ ሲደጋገም ሳይመረመር ማለፍ ይጀምራልና፣ ጥቂት ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለመሆኑ ሙያ ለስደተኛው ምኑ ነው? የአገር ምትክ ነውን? የምጽዋት ሌላ ስሙ ነውን? ወይስ ከሰው ልጅነቱ የተነሣ የሚገባው ድርሻ ነው?

ጥያቄው ለአርሲ ደጋ ሩቅ አይደለም። የባሌዋ ሳትሆን የአርሲዋ ሮቤ፣ ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር በሚበቅልበት ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መሬቱ ለም ነው፤ ነገር ግን ለም መሬትም ቢሆን ለወራሽ ሁሉ አይበቃም። አባት ለልጆቹ ያካፈለው ማሳ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ፣ ጥማድ በሬ እንደ ልብ የማይዞርበት ቁራጭ ይሆናል። በመኸር ወራትም ብዙ አጫጆች ይሰማሩበት በነበረው ማሳ ላይ ዛሬ ኮምባይነር ገብቶ በአጭር ጊዜ አጭዶና ወቅቶ ይወጣል። ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነው፤ በዕለት ሥራ ለሚተዳደረው መሬት አልባ ወጣት ግን አንድ በር መዘጋቱ ነው። በዚህም ምክንያት ከሮቤም ሆነ ከአሰላ፣ ከኢተያም ሆነ ከበቆጂ፣ ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ልጃገረዶች፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዓረብ አገሮች ሄደዋል።

ከሄዱትም መካከል ሳይወዱ የተመለሱ አሉ። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ የላቸውም ያላቸውን የውጭ አገር ሰዎች በጅምላ ባስወጣ ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ገብተዋል። ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስና ከያዟት ትንሽ ሻንጣ በቀር አንዳች አልነበራቸውም። ታዲያ አገር መግባት ስደትን ወዲያው አያበቃም። ገንዘብ ትልክ የነበረችው ልጅ ባዶ እጇን ስትመለስ በገዛ ቀዬዋ እንግዳ ትሆናለች። በሄደችበት አገር «መጤ» ስትባል ኖራ፣ በመጣችበት አገር ደግሞ «ተመላሽ» የሚል ሌላ ስም ይጠብቃታል።

እንዲህ ያለችው ወጣት ለሥልጠና ስትመዘገብ የሚቀርብላት ቅጽ «ሙያ» የሚል ክፍት ቦታ አለው። መዝጋቢውም «የላትም» ብሎ ይሞላል። ነገር ግን ይህች ልጅ ለዓመታት የሌላውን ሰው ቤት ሙሉ በሙሉ አስተዳድራለች፤ ሕፃን አሳድጋለች፤ የታመመ ሽማግሌ አስታምማለች፤ ዓረብኛ ትናገራለች፤ የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን አሠራር ለይታ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ሙያ አይደለም ከተባለ ጉድለቱ ከልጅቱ ሳይሆን ከመዝገቡ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ነጥብ ይህ ነው፦ ሙያ እናስተምርህ የምንለውን ሰው ባዶ ዕቃ አድርገን ከጀመርን፣ ትምህርቱ ገና ሳይጀመር አዋርደነዋል።

የአገራችን ጥንታዊ ልማድ ከቤቱ የወጣውን ወጣት በሌላ ዓይን ያይ ነበር። የቆሎ ተማሪን እናስታውስ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ፣ ውሻ እያባረረው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመናትን ቁራሽ በልቶ ዜማውንና ቅኔውን ይማራል። በአርሲና በባሌ ደግሞ ከቤቱ ወጥቶ ከሼኩ እግር ሥር ቁርዓንና ኪታብ የሚቀራውን ደረሳ የመንደሩ ሰው ይቀልበው ነበር። ሁለቱም በልመና ቢያድሩም ለማኞች አልተባሉም። እንጀራ የቆረሰችላቸው እናት ያየችው የዛሬውን ረኃብተኛ ብቻ አይደለም፤ የነገውን መሪጌታ፣ የነገውን ሼክ ጭምር ነው። ስጦታዋም ውለታ ሳይሆን ገና በመሠራት ላይ ላለ ሰው የምታዋጣው ድርሻ ነበር።

ይሁን እንጂ ያው ልማድ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። መጽሐፍ የያዘውን እጅ ሲያከብር፣ መዶሻ የያዘውን እጅ ይንቅ ነበር። ማረሻ የሚሠራለትን ሰው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋለትን «ፋቂ» እያለ፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ፣ በሠሩለት ዕቃ እየተገለገለ ከማዕዱ ያገላቸው ነበር። ዛሬ ስድቡ በአደባባይ ቢቀንስም ከነሥሩ አልተነቀለም። ልጁ በብረታ ብረት ወይም በቆዳ ሥራ ሊሠለጥን ሲመዘገብ «ትምህርት አልሆንልህ አለ ማለት ነው?» ብሎ የሚያዝን ወላጅ ዛሬም አለ። እንግዲህ የራሳችን ልጅ የሚያፍርበትን ሙያ ለስደተኛው ወጣት እንደ ትልቅ ስጦታ ስናቀርብ ምን እያልነው ነው? ስጦታው የሚከብረው ሰጪው ራሱ ሲያከብረው ብቻ ነው።

ሙያ የተነቀለን ወጣት የት ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ከታሪካችን ሁለት ምስክሮችን መጥራት እንችላለን። የመጀመሪያው ምስክር ከምፅዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ከሚባለው ስፍራ የምናገኘው ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ በሕፃንነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ ልጅ ነበር። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ወደ ስዊድንም ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ። አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ ለባርነት ተሽጣ በባሕር ላይ ስትጓዝ ነፃ ከወጣች በኋላ ወደ እምኩሉ የገባች ልጅ ነበረች። እነዚህ ከአገራቸው እጅግ ርቀው የነበሩ ወጣቶች በእጃቸው የገባውን የፊደልና የኅትመት ሙያ ምን ሠሩበት? የአዲስ ኪዳንን የኦሮምኛ ትርጉም በ1893፣ ተረትና ምሳሌ ያለበትን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ለኅትመት አበቁ። በማንበቢያው ውስጥ ከገቡት ተረቶችና ዜማዎች ብዙዎቹ አስቴር ከልጅነት ትዝታዋና ከጓደኞቿ አፍ የለቀመቻቸው ናቸው። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1931 ድረስ አስተማረ። ከአገራቸው የተነጠቁት ልጆች ለአገራቸው ቋንቋ መጽሐፍ ሰጡ።

ሁለተኛው ምስክር በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ እኛ የመጣ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ከአርመኖች እልቂት ተርፈው በዚያው በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ የሌላቸው ልጆች በሙዚቃ ጓድ ሲጫወቱ ሰምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስማቸውም በዚሁ ጸና። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያንም በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት ብዙ ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አስተናጋጁ ልጆቹን ከባዶ አለመጀመሩ ነው። መለከት መንፋት ያውቁ ነበር፤ የተደረገላቸው ነገር ችሎታቸው ታውቆ ደመወዝ፣ የደንብ ልብስና ሥራ ማግኘታቸው ነው። ከላይ በጠቀስነው ቅጽ ላይ «የላቸውም» ተብሎ ቢሞላላቸው ኖሮ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ከአገራችን ውጭም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዳላይ ላማና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቲቤታውያን ወደ ሕንድ ሲሰደዱ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በዳርጂሊንግ ከተማ የስደተኞች ራስ አገዝ ማዕከል ተቋቋመ። ምንጣፍ ሽመና፣ የእንጨትና የቆዳ ሥራ ተጀመረ። በ1960 ደግሞ በዳራምሳላ የሕፃናት ማሳደጊያ ተከፍቶ ኋላ ወደ ትልቅ የትምህርት ቤቶች ማኅበር አደገ። በ1988 የተመሠረተው የኖርቡሊንግካ ተቋም ወጣቶችን በባህላዊ ሥዕል፣ በእንጨት ቅርጽና በብረታ ብረት ጥበብ ያሠለጥናል። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሙያ እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ አገር ቤት ሊጠፋ ይችላል ብለው የሰጉለትን ጥበብ በስደት ማቆያ ጭምር ነበር። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። አገሩን አይቶ የማያውቅ፣ በስደት የተወለደ ወጣት የአያቶቹን ምንጣፍ የመሸመን ግዴታ አለበትን? ሐኪም ወይም መሐንዲስ ልሁን ቢል ከዳተኛ ሊባል ነውን? ቅርስን መጠበቅ የሕዝብ ሁሉ ሸክም ነው። ሸክሙ እጅግ በደከመው ወጣት ጫንቃ ላይ ብቻ ሲጫን፣ ወጣቱ ራሱ የሚጎበኝ ዕቃ ይሆናል። ሙያ ምርጫ ሲኖርበት ነፃ ያወጣል፤ ምርጫ ከሌለበት ግን ሌላ ዓይነት እስር ነው።

አሁን ወደ አርሲ እንመለስ። ሥልጠናና ግብዓት ብቻውን ምን ሊያስከትል እንደሚችል ይህ ምድር ከብዙዎች አስቀድሞ አይቷልና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት መቀመጫውን አሰላ ያደረገው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ተቋቋመ። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የተሻሻለ የእርሻ መሣሪያ፣ የከብት እርባታና የገበሬ ሥልጠና ይዞ ገባ። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን ማቋቋም ነበር፤ ምርቱም በእርግጥ አደገ። ነገር ግን መሬት እንዲህ የሚያተርፍ መሆኑን የተመለከቱ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማስነሣት ያዙ። ልማቱ ይረዳው ዘንድ የታሰበው ሰው በልማቱ ምክንያት ከጎጆው ተፈናቀለ። መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አስቀረ፤ ትራክተሩ ለተካው ጭሰኛ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰለት።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘሩ መልካም ነበር፤ ትምህርቱም መልካም ነበር። ክፋቱ ዕውቀቱ ሲሰጥ የባለቤትነት ነገር ሳይነካ መቅረቱ ነው። ማሳ የሌለውን ሰው ምርጥ አራሽ ማድረግ፣ በር ለሌለው ቤት ቁልፍ እንደ መሥራት ይቆጠራል። ዛሬም አንዲት ተመላሽ ወይም አንድ ስደተኛ የልብስ ስፌት ሠልጥነው፣ መኪናው ግን ከሥልጠናው ክፍል ሳይወጣ ቢቀር፣ የመሥሪያ ቦታና ገበያ ባይኖር፣ የተሰጣቸው ነገር ሙያ ሳይሆን የሙያ ትዝታ ነው።

«የራስህን ሥራ ፍጠር» የሚለው ምክርም በዚሁ ሚዛን ሊለካ ይገባዋል። ንግድ ትርፍ እንዳለው ሁሉ ኪሳራ አለው። የአገሩ ልጅ በንግድ ቢወድቅ በአባቱ ቤት ላይ ይወድቃል፤ እናቱ እንጀራ ታቀርብለታለች፤ እስኪነሣም ይታገሡታል። ስደተኛው ቢወድቅ ግን የሚወድቀው መሬት ላይ ነው። አንዱን ዓይነት ድፍረት ከሁለቱም እኩል መጠየቅ ፍትሕ መስሎ የሚታይ ግፍ ነው። በዚህም ላይ ሰው ሁሉ ነጋዴ ሆኖ አልተፈጠረም። በሰው ድርጅት ተቀጥሮ በታማኝነት ለመሥራት የሚሻውን ወጣት፣ ከማያውቃቸው አራትና አምስት ሰዎች ጋር በማኅበር ካልተደራጀህ ብድር አታገኝም ማለት፣ ኅብረተሰቡ ሥራ የማዘጋጀት ኃላፊነቱን ወደ ድኻው ጫንቃ ማዛወሩ ነው። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ይባላል። ሥልጠናም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ የሚያስፈልገው ተጠንቶ ሳይሆን ዝም ከማለት ይሻላል ተብሎ ይሰጣል። በአንድ መንገድ ዳር አምስት የፀጉር ቤት ተከፍቶ አራቱ ሲዘጋ ጥፋቱ ያለው ከሠልጣኞቹ ሳይሆን ገበያውን ሳያዩ ካሠለጠኑት ላይ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ፣ በተለይም በቦረና፣ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ጥንታዊ የመረዳጃ ሥርዓት አለ። በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በዘረፋ ከብቶቹ ያለቁበት ሰው ለጎሣው ያመለክታል፤ ጎሣውም ጉዳቱን መርምሮ ከብት አዋጥቶ ይሰጠዋል። በአርሲም ዳባሬ የሚባል ልማድ ነበር፤ ከብት ያለው ሰው ለሌለው ላም እየሰጠ በወተቷ እንዲጠቀም ያደርገዋል። እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ እንበል። ለተራበ ሰው ወተት መስጠት ደግነት ነው፤ ላሟን መስጠት ግን ሰውየውን እንደገና አርቢ ማድረግ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተቀባዩ የሚቀርበው እንደ ለማኝ ሳይሆን የጎሣው አባል ሆኖ ነው። ዛሬ የሚቀበል ነገ ሰጪ ይሆናልና አንገቱን አይደፋም። በቅርብ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል በዚሁ ስም ተቋም ማቋቋሙ ሐሳቡ ለዛሬም እንደሚሠራ ያመለክታል።

ነገር ግን ቡሳ ጎኖፋ ጎሣ ላለው ሰው ነው። ስደተኛው ግን ጎሣውን ትቶ የመጣ ነው። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። የከተማ ሰው መነሻ ገንዘብ ሲያጣ ዕቁብ ይገባል፤ ዕቁብ ለመግባት ግን ዋስ ያስፈልጋል። ብድር ለማግኘት ተያዥ፣ ቤት ለመከራየትም የሚያውቀው ሰው ያሻዋል። በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ስደተኛው የሚያጣው ምስክሩን ነው ብለናል። እንግዲያው ከሥልጠናውም፣ ከመኪናውም፣ ከብሩም በፊት ልንሰጠው የሚገባን ያንኑ ያጣውን፣ ምስክርንና ዋስን ነው። የኦሮሞ ሥርዓት ይህንንም አልዘነጋም። ሞጋሳ በሚባለው ባህል ከውጭ የመጣው ሰው በአደባባይ ቃል የጎሣው አባል ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ መብቱም ግዴታውም የሌላው ነው አይባልም።

የዘመናችን ሞጋሳ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ የሚሄደው ሠራተኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ሲደነግግ፣ ለተጓዡ ምስክር መስጠቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ ወደ እኛ ለተሰደዱት ሰዎች ተቀጥረው ወይም የራሳቸውን ሥራ ከፍተው የመኖር መብት ሰጠ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ላስጠለለች አገር ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ሆኖም አዋጅ በጋዜጣ ሲወጣ ግማሽ መንገድ መሄዱ ነው። ቀሪው ግማሽ በቀበሌው ጠረጴዛ፣ በመምህሩ ክፍልና በገበያው መደብ ላይ የሚፈጸም ነው።

ስለዚህ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች እያንዳንዳችን ድርሻ አለን። የአመራር ሰው የሠለጠኑትን ቁጥር ሪፖርት ከማድረጉ በፊት ከዓመት በኋላ ስንቶቹ በሙያቸው እንዳደሩ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያውንም ኪሳራ ከወጣቱ ጋር የሚካፈል የዋስትና መንገድ ያብጅ። መምህሩ ማስተማር ከመጀመሩ በፊት ወጣቱ የሚያውቀውን ይመዝግብ፤ ዓረብኛ የምታውቀው ልጅ ዓረብኛ እንደምታውቅ በጽሑፍ ይረጋገጥላት። የጥበብ ሰው ደግሞ ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ያዋረደው ተረት የተተረተው በቃል ነው፤ የሚሻረውም በቃል ነውና፣ የእጅ ሠሪውን ሰው በልብ ወለድና በመድረክ ላይ ሙሉ ሰው አድርጎ ማሳየት የእርሱ ዕዳ ነው።

ሙያ አገር ይሆናልን? አይሆንም። የትኛውም ችሎታ የወላጅን መቃብርና የልጅነት ወንዝን አይተካም፤ ይተካል ብለን ለስደተኛው ብንነግረው እናታልለዋለን። የእምኩሉ ልጆች ፊደሉን ይዘው ወደ ቋንቋቸው የተመለሱት ፊደል አገር ስላልሆነላቸው ነው። ነገር ግን ምስክር ያገኘ፣ መሣሪያ የያዘና በምርጫ የተማሩት ሙያ ሰውን በሰው አገር ከደጅ ወደ ቤት ያስገባዋል። በሮቤ ገበያ መደብ ይዛ የሰፋችውን ልብስ የምትሸጥ ተመላሽ፣ ደንበኛዋ «ይህን የሰፋው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «እኔ» ብላ ስትመልስ፣ በቀዬዋ የሚያውቃት ሰው እንደገና ማግኘት ጀምራለች ማለት ነው።